የቄስ ክራፍ የወሎ መንገድና የግዕዝ መጻሕፍት

ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ ሲነሳ ቀድሞ አፋችን ላይ የሚመጣው የአባ ኢየሱስ ሞዐ ስም ነው። ተገቢ ነው፤ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገዳሙን የመጻሕፍትና የትምህርት ቦታ ያደረጉት እሳቸው ናቸው። እኔ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ የማነሳው ከስድስት መቶ ዓመት ያህል በኋላ በዚያው አገር ያለፈ ሌላ የመጻሕፍት ሰው ነው፤ ጀርመናዊው የፕሮቴስታንት ቄስ ዮሐን ሉድቪግ ክራፍ።

ክራፍ እ.ኤ.አ. በ1810 ቱቢንገን አጠገብ ተወለደ። በባዝል የሚስዮን ትምህርት ቤትና በቱቢንገን ነገረ መለኮት ተምሮ፣ በእንግሊዝ የሚስዮን ማኅበር ተልኮ መጣ። መጀመሪያ ከአድዋ ተባረረ። በ1839 ከባልደረባው ኢዘንበርግ ጋር ሸዋ ገብቶ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበር ተቀመጠ። እዚያም ኦሮምኛ እያጠና የግዕዝ መጻሕፍት ይሰበስብ ነበር።

በመጋቢት 1842 እጮኛውን ሊያገኝ ወደ ግብፅ ተነሣና መንገዱን በወሎ አደረገ። ጣጣው የመጣው እዚህ ነው። አደራ ቢሌ የተባለው የወሎ ባላባት በመጀመሪያ በደንብ ተቀብሎት ነበር፤ ኋላ ግን አስሮ ንብረቱን ዘረፈው። ሐይቅንም ያየው በዚሁ ጉዞ ነው። በስተመጨረሻ በሰሜን በኩል ወጥቶ ምጽዋ ደረሰ። የጉዞ ማስታወሻው በ1843 ለንደን ታተመ።

ታዲያ እኛ የወሎ ልጆች ይህን ማስታወሻ እንዴት እናንብበው? እኔ አምባሰል ነው ያደግሁት፤ አገሬ በወንበዴነት ስትነሳ ደስ አይለኝም። ክራፍ የተዘረፈ ሰው ነው፣ በዚያ ላይ እስልምናን በበጎ ዓይን የማያይ ሚስዮናዊ፤ ስለ ወሎ ሙስሊም የሰጠው ፍርድ ከሁለቱም የተነሣ ነው። ግን እኮ ባዶ እጁን የቀረ መንገደኛ ከወሎ እስከ ምጽዋ የሚዘልቀው ሰው ሲያበላውና ሲያሳድረው ነው። ስለዚህ የዘረፈውን አንድ ባላባት ብቻ ሳይሆን በየመንደሩ ያሳደሩትንም ቆጥረን ብናነብ ይሻላል እላለሁ። መጽሐፉን መጣል ግን አይገባም፤ የዚያን ዘመን ወሎን በዓይኑ አይቶ የጻፈ ሰው ብዙ የለም።

ለክፍላችን ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የመጻሕፍቱ ነገር ይመስለኛል። ክራፍ የሰበሰባቸው የብራና መጻሕፍት ቱቢንገን ገቡ፤ ዩኒቨርሲቲውም በ1842 የዶክተርነት ማዕረግ ሰጠው። በዚያን ጊዜ እዚያው በኤዋልድ ሥር ይማር የነበረው አውጉስት ዲልማን ክራፍ ባገኘው የኩፋሌ ቅጂ ተጠቅሞ መጽሐፉን ወደ ጀርመንኛ መለሰ፤ በ1850 እና 1851 ታተመ። መጽሐፈ ኩፋሌ ሙሉውን የተገኘው በግዕዝ ብቻ ስለሆነ፣ ለአውሮፓ ሊቃውንት ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ዲልማን በኋላ የጻፋቸውን የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ዛሬም እንገልጣለን።

አንድ ነገር ግን መሰመር አለበት። ክራፍ ሸዋ ውስጥ ያድለው የነበረው የአማርኛ ቅዱስ መጽሐፍ የሱ ሥራ አይደለም። የተረጎመው አቡ ሩሚ የተባለ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ነው፤ ካይሮ ተቀምጦ አሥር ዓመት ያህል ደከመበት። ክራፍ ኋላ አረመው እንጂ አልጀመረውም። በስሙ የሚጠራው የኦሮምኛ ትርጉምም ቢሆን የደብተራ ዘነብ እጅ አለበት፤ ያው የዓፄ ቴዎድሮስን ታሪክ የጻፈው ዘነብ። የትርጉም ነገር ለአምባሰል ሰው ቀላል ጨዋታ አይደለም፤ ውጫሌ ያለችው እኛ ዘንድ ነው፣ የ1889ኙ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛና በጣሊያንኛ መለያየቱ ምን እንዳስከተለ እናውቃለን።

ክራፍ ወደ ሸዋ እንዳይመለስ ስለተከለከለ በ1844 ሞምባሳ ወረደ። በዚያው ዓመት ሚስቱ ሮዚና ከአራስ ልጇ ጋር ሞተችበት። እሱ ግን ስዋሂሊ ማጥናቱን ቀጠለ፤ መዝገበ ቃላቱ የታተመው በ1882፣ እሱ ባረፈ በዓመቱ ነው።