የስኳር ሕሙማን ጫማ እንዴት ይፈተናል?

ጥያቄ፦ ለስኳር ሕሙማን በልክ የሚሠራ ጫማ የእግር ቁስለትን በእርግጥ መከላከሉ በምን ይረጋገጣል?

መልስ፦ በስኳር ሕመም ነርቩ የተጎዳ እግር ሕመም ስለማይሰማው፣ በእያንዳንዱ እርምጃ አንድ ቦታ ላይ የሚደጋገመው ጫና ታካሚው ሳያውቀው ቆዳውን ያቆስላል፤ ስለዚህ ጫማው በቅድሚያ የሚፈተነው በእግሩና በጫማው ገበር መካከል በሚገባ፣ ታካሚው ሲራመድ ከፍተኛው ግፊት የት እንደሚያርፍ በሚያሳይ ስስ የግፊት መለኪያ ንጣፍ ነው። ቁስሉ ለዳነለት ታካሚ ዓለም አቀፉ የባለሙያዎች መመሪያ የሚያስቀምጠው ግብ ይህ ግፊት ቢያንስ በ30 በመቶ እንዲቀንስ ወይም ከ200 ኪሎፓስካል (ኪሎፓስካል የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) በታች እንዲሆን ነው።

ይሁን እንጂ ልኬቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በኔዘርላንድስ ተካሂዶ በ2013 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ቀደም ሲል እግራቸው ቆስሎ የዳነ 171 ታካሚዎች በዕጣ ተከፍለው ለ18 ወራት ክትትል ሲደረግላቸው፣ በግፊት ልኬት የተሻሻለው ጫማ በጠቅላላው ሲታይ አስተማማኝ ብልጫ አላሳየም፤ ከእርምጃቸው ቢያንስ 80 በመቶውን በታዘዘላቸው ጫማ ከተራመዱት መካከል ግን ቁስሉ የተመለሰባቸው ጫማው ከተሻሻለላቸው 25.7 በመቶ፣ ካልተሻሻለላቸው ደግሞ 47.8 በመቶ ነበሩ። ይህን የሚያህል ልዩነት ችላ ሊባል አይገባም፤ ብዙ ታካሚዎች ቤት ሲገቡ ጫማቸውን ስለሚያወልቁ፣ አጠቃቀሙን ያልመዘገበ ፈተና ጥሩውን ጫማ የማይረባ አስመስሎ ሊያቀርበው ይችላል። ለዚህም በጫማው ውስጥ የሚቀመጥ አነስተኛ የሙቀት መዝጋቢ፣ እግሩ መቼ እንደገባና መቼ እንደወጣ ያመለክታል።