ሳናዝዘው ኢንተርኔት የሚፈልገው የጽሕፈት ፕሮግራም

አንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ለማረም ማይክሮሶፍት ወርድን ይከፍታል። ድረ ገጽ አልጎበኘም፤ ኢሜይልም አልላከም። ሆኖም ኮምፒዩተሩን ከስልኩ ጋር አገናኝቶት ስለነበር የገዛው የዳታ ጥቅል ሳያስበው አልቆ ያገኘዋል። አንዳንዱ «ቫይረስ ነው» ይላል፤ ሌላው «እየሰለሉን ነው» ይላል። ለመሆኑ ለጽሕፈት የተሠራ ፕሮግራም ሳይታዘዝ ኢንተርኔት የሚፈልገው ለምንድን ነው? በዚህ ጽሑፍ ምክንያቶቹን አንድ በአንድ እንመለከታለን፤ የትኛውን መፍቀድ፣ የትኛውን መከልከል እንደሚገባም እናያለን።

ግንኙነቱ እንዴት ይጀመራል?

የጽሕፈት ፕሮግራም ስንከፍት ከምናየው መስኮት በስተጀርባ ሌሎች ትናንሽ ፕሮግራሞችም ይሠራሉ። ከእነዚህ አንዱ የአምራቹን ሰርቨር ማግኘት ሲፈልግ በመጀመሪያ የሰርቨሩን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚለውጠውን ዲኤንኤስ የተባለ አገልግሎት ይጠይቃል። ከዚያም ወደዚያ አድራሻ የግንኙነት ጥያቄ ልኮ መልስ ይጠብቃል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። መስመሩ ፈጽሞ ከሌለ ኮምፒዩተሩ ይህንኑ ወዲያው ስለሚያውቅ ጥያቄውን ይተወዋል። መስመሩ ኖሮ ደካማ ሲሆን ግን መልሱ እስኪመጣ ይጠብቃል፤ ካልመጣም ደግሞ ይልካል። የኔትወርክ ገመዱ ሲነቀል አንዳንድ ፕሮግራሞች ፈጥነው የሚከፈቱት በዚህ ምክንያት ነው።

አምስቱ ምክንያቶች

አንደኛው የፈቃድ ማረጋገጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ኦፊስ ኤክስፒ ሕጋዊ ቅጂ መሆኑ በአምራቹ ዘንድ እንዲመዘገብ ይጠይቅ ነበር። ዛሬ በየወሩ ወይም በየዓመቱ የሚከፈልበት ማይክሮሶፍት 365 ደግሞ ቢያንስ በ30 ቀን አንድ ጊዜ ከሰርቨሩ ጋር መገናኘት አለበት። ይህ ካልሆነ ሰነዱን ማንበብና ማተም ይቻላል እንጂ ማረም አይቻልም።

ሁለተኛው ማዘመኛ ነው። ፕሮግራሙ አዲስ እትም መኖሩን ይጠይቃል፤ ካለም ያወርዳል። ከሁሉም የበለጠ ዳታ የሚበላው ብዙውን ጊዜ ይህ ነው።

ሦስተኛው ስለ አጠቃቀማችን የሚላክ መረጃ ነው። የትኛው ትእዛዝ እንደተሰጠ፣ ፕሮግራሙ መቼ እንደተበላሸ ለአምራቹ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ2018 የኔዘርላንድ የፍትሕ ሚኒስቴር ያስጠናው ጥናት ኦፊስ ተጠቃሚው በውል ሳያውቅ ብዙ ዓይነት መረጃ እንደሚልክ አሳየ። ማይክሮሶፍትም በ2019 መረጃውን «አስፈላጊ» እና «በፈቃድ የሚላክ» ብሎ ለየው። ስለዚህ «እየሰለሉን ነው» የሚለው ስጋት የተጋነነ ቢሆንም ከምንም የተነሣ አይደለም።

አራተኛው በፕሮግራሙ ውስጥ ያሉ አገልግሎቶች ናቸው። ትርጉም፣ የሰነድ ናሙናዎች፣ አንዳንድ ቅርጸ ፊደላት፣ እንዲሁም ሰነድን በኢንተርኔት ላይ ማስቀመጥ በእኛ ኮምፒዩተር ብቻ አይከናወኑም።

አምስተኛው ራሱ ሰነዱ ነው። በሰነዱ ውስጥ ያለ ሥዕል ከሌላ ሰርቨር እንዲመጣ ተደርጎ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2022 ፎሊና የሚል ስም የተሰጠው ጉድለት አደገኛ የሆነው፣ የወርድ ሰነድ ከአጥቂው ሰርቨር ገጽ እንዲያመጣና በዚያ በኩል ትእዛዝ እንዲያስፈጽም መንገድ በመክፈቱ ነበር።

መስመር በሚቋረጥበት አካባቢ

ከእነዚህ ምክንያቶች አብዛኞቹ በአንድ ግምት ላይ የቆሙ ናቸው፤ ይኸውም መስመር ሁልጊዜ አለ፣ ርካሽም ነው የሚል ነው። ይህ ግምት በሰሜን ወሎ አይሠራም። በጦርነቱ ምክንያት ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በነበሩት ወራት ወልድያና አካባቢዋ ከስልክና ከኢንተርኔት ተለያይተው ነበር። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቷል። የ30 ቀን ደንብ እንዲህ ካለው ወቅት ጋር ሲጋጭ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ተማሪም ሆነ በሀብሩ ወረዳ በስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል የሚሠራ ተመራማሪ ገንዘብ በከፈለበት ፕሮግራም የራሱን ሰነድ ማረም ሊከለከል ይችላል።

መስመር ባለበት ጊዜም ስሌቱ ቀላል አይደለም። በመርሳ ከተማ 20 ኮምፒዩተሮች ያሉት አንድ ቤተ ሙከራ በሰከንድ 4 ሜጋቢት የሚያስተላልፍ መስመር አለው እንበል። እያንዳንዱ ኮምፒዩተር 1 ጊጋባይት ማዘመኛ ቢያወርድ በጠቅላላው 20 ጊጋባይት፣ ማለትም 160,000 ሜጋቢት ይሆናል። ይህን ለ4 ስናካፍል 40,000 ሰከንድ ወይም 11 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ገደማ እናገኛለን። በዚያ ሁሉ ጊዜ መስመሩ ለሌላ ሥራ ይጠብባል። ማዘመኛው አንድ ጊዜ ብቻ ወርዶ ለሌሎቹ በውስጥ ኔትወርክ ቢዳረስ ግን የውጭው መስመር የሚያዘው ለ2,000 ሰከንድ፣ ማለትም ለ33 ደቂቃ ገደማ ነው።

ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ መለካት ይገባል። በዊንዶውስ ውስጥ ሪሶርስ ሞኒተር የሚባለው መሣሪያ የትኛው ፕሮግራም ምን ያህል እንደሚልክና እንደሚቀበል ያሳያል። ቀጥሎም በስልክ ዳታ ስንጠቀም ግንኙነቱን ሜትርድ ኮኔክሽን በሚለው ምርጫ መመዝገብ ነው፤ ያን ጊዜ አብዛኞቹ ትላልቅ ማዘመኛዎች ይዘገያሉ። ብዙ ኮምፒዩተሮች ባሉበት ቤተ ሙከራ ደግሞ ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን የተባለው የዊንዶውስ አገልግሎት አንዱ ያወረደውን ለሌላው ያካፍላል። በፈቃድ የሚላከውን መረጃም በኦፊስ ቅንብር ውስጥ መዝጋት ይቻላል። ወርኃዊ ማረጋገጫ የማይጠይቅ ፕሮግራም የሚፈልግ ሰው አንድ ጊዜ ተገዝቶ የሚሠራውን የኦፊስ እትም ወይም ነጻ የሆነውን ሊብሬኦፊስ መምረጥ ይችላል።

ይሁን እንጂ ሁሉንም ግንኙነት መዝጋት መፍትሔ አይደለም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 በዓለም ዙሪያ የተሠራጨው ዋናክራይ የተጠቀመበት የዊንዶውስ ቀዳዳ መድፈኛ የወጣለት ከሁለት ወር በፊት ነበር፤ የተጎዱት ያላዘመኑት ናቸው። በአንጻሩ «አዘምን» የሚል ጥሪ ሁሉ እውነተኛ አይደለም። በዚያው ዓመት የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሲቲዝን ላብ እንደገለጸው በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች የአዶቢ ፍላሽ ማዘመኛ መስሎ የቀረበ የስለላ ሶፍትዌር ተልኮላቸው ነበር። ስለዚህ ማዘመኛን ከራሱ ከፕሮግራሙ ውስጥ እንጂ በኢሜይል ከመጣ አድራሻ መቀበል አይገባም።

በአጠቃላይ የጽሕፈት ፕሮግራሙ ሳይታዘዝ መገናኘቱ በራሱ የበሽታ ምልክት አይደለም፤ የአሠራሩ አካል ነው። ነገር ግን የመስመሩን ዋጋ የሚከፍለውና ሥራው የሚስተጓጎልበት ተጠቃሚው ስለሆነ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደሚገናኝ የማወቅና የመወሰን ድርሻም የእርሱ ሊሆን ይገባል።