ድንጋዩ ምን ይላል?
(በምላጭና በሞረድ ላይ ያለ የጃፓን ጽሕፈት)



ባለፈው ክረምት ዲላ የሚኖሩት አጎቴ አሮጌ ታጣፊ ምላጫቸውን እንድስልላቸው ሰጡኝ። በጉልምስናቸው ፀጉር አስተካካይ ነበሩ፤ አሁን ግን ምላጩ ለማስታወሻ የተቀመጠ ነው። አብረውት ሁለት ድንጋይ ሞረዶች ነበሩ። አንዱ 220 የሚል ቁጥር አለው፤ በሌላው ላይ ያለው እንግዳ ጽሕፈት ብቻ ነው። ጽሕፈቱን ያየ ጎረቤት «ይህን ምልክት በቻይና ዕቃ ላይ አውቀዋለሁ» አለኝ። እኔም «ትንሽ ቁጥር ለስላሳ ድንጋይ ነው» ብዬ በ220ው ሳልኩት። ስለቱ እንደ መጋዝ ጥርስ አወጣ! አጎቴ አልተቆጡም። «ድንጋዩ እኮ ይናገር ነበር፤ አንተ የተማርከው ሳትጠይቀው» ብቻ አሉኝ። እሳቸው ማንበብ አይችሉም።

ነገሩ ስላንገበገበኝ የጃፓንኛ ፊደል መማሪያ ተውሼ አጠናሁ። ያገኘሁት የሚከተለው ነው።

የጃፓን ዕቃ ለአገራችን አዲስ አይደለም። ኢትዮጵያና ጃፓን የወዳጅነትና የንግድ ውል የተፈራረሙት በ1930 እ.ኤ.አ. ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 እ.ኤ.አ. ጃፓንን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ጽፈዋል። በዚያ ዘመን የጃፓን ጥጥ ጨርቅ በገበያችን በብዛት ይሸጥ ነበር።

አንደኛ፣ አገሩን መለየት። በውስጡ አንድ አግድም መስመር ያለው ሳጥን «ፀሐይ» ማለት ነው። ዛፍ መስሎ ከግንዱ ግርጌ አጭር መስመር የተጋደመበት ደግሞ «ሥር፣ መነሻ» ማለት ነው። ሁለቱ ሲጣመሩ «ኒሆን»፣ የፀሐይ መነሻ፣ ማለትም ጃፓን ይሆናሉ።

ሁለተኛ፣ አቅጣጫውን ማየት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት አግድም ጽሕፈት ብዙ ጊዜ ከቀኝ ወደ ግራ ይጻፍ ነበር። በእንግሊዝኛ «ሜድ ኢን ኦኪዩፓይድ ጃፓን» የሚል ከተገኘ ደግሞ ዕቃው ጃፓን በአሜሪካ በሚመራ ጦር ሥር በነበረችበት ዘመን፣ ከ1945 እስከ 1952 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ፣ ለውጭ ገበያ የተሠራ ነው።

ሦስተኛ፣ የሞረዱን ደረጃ ማወቅ። ደረጃው ሦስት ነው፦ አራቶ ሻካራው፣ ናካቶ መካከለኛው፣ ሺያጌቶ ማለስለሻው። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ድንጋዩ እየለሰለሰ ይሄዳል። 220 ሻካራ፣ 1000 መካከለኛ፣ 6000 ማለስለሻ ነው። እኔ የገመትኩት የተገላቢጦሹን ነበር።

አራተኛ፣ ጎረቤቱን ማየት። ሳጥኑን ቀጥ ያለ መስመር ከላይ እስከ ታች ከሰነጠቀው «መካከል» ማለት ነው። «አገር» ከሚለው ምልክት ጋር ሲጻፍ ቻይና ይባላል፤ «ሞረድ» ከሚለው ጋር ሲጻፍ ግን መካከለኛ ሞረድ ነው። የአጎቴ ሁለተኛው ድንጋይ ይህ ነበር። ጎረቤታችን ምልክቱን አውቆታል፤ ቃሉን ግን አላነበበም።

ዕጩ መምህራን ሆይ፣ ነገ በቡሌ ወይም በኮቸሬ ገጠር ትምህርት ቤት ስንቆም፣ አፉን በጌዴኡፋ የፈታ ልጅ የአማርኛን ፊደል የሚያየው እኔ ያንን ድንጋይ ባየሁበት ዓይን ነው። ቢሳሳት ሰነፍ ነው አንበል። ቅርጹን፣ አቅጣጫውን፣ ጎረቤቱን እናሳየው።

ምላጩን በመካከለኛው እንደገና ስዬዋለሁ፤ ጥርሱ ጠፍቷል። ማለስለሻ ድንጋይ ግን ገና እየፈለግን ነው።

መልመጃ፦ በአንድ አሮጌ ምላጭ ላይ ባለፀሐዩ ሳጥን በቀኝ፣ ባለ ሥሩ ዛፍ በግራ ቢገኝ፣ ምላጩ የት ተሠራ? ስለ ዕድሜውስ ምን መገመት ይቻላል?