ጠለፋ አስመስለሽ አትሂጂ

እህት ዓለም፣ ባሌ ውስጥ ጎባም ሁኚ ሮቤ፣ ይህን የምልሽ ቤተሰብ የወደድሽውን ልጅ እምቢ ስላለሽ «ጠለፈኝ ይባልና ልሂድ፤ ኋላ ሽማግሌ ያስታርቀናል» ብለሽ ለምታስቢው ለአንቺ ነው። አታድርጊው።

ነገሩ ጠለፋ ከመሰለ ወንድሞችሽ ቤታችን ተደፈረ ይላሉ፤ መሣሪያ የሚነሳውም ያኔ ነው። ልጁንም ለክስ ታጋልጪዋለሽ። በ1997 ዓ.ም. በጸናው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 587 መሠረት ለጋብቻ ብሎ በኃይል፣ በማስፈራራት ወይም በማታለል ሴት የጠለፈ ሰው ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል። ኋላ መጋባታቸውም ከተጠያቂነት አያድነውም።

ይህ ሕግ እንዲሁ አልተገኘም። በ1949ኙ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ክሱ ይቀርለት ነበር። ጎረቤታችን አርሲ ውስጥ በ14 ዓመቷ የተጠለፈች ተማሪ ልታመልጥ ስትል ጠላፊዋን ተኩሳ ገደለችና በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። እነ መዓዛ አሸናፊ ያቋቋሙት የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጥብቅና ቆመላት፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን ነው የተከላከለችው ብሎ በነጻ አሰናበታት። «ድፍረት» የተሰኘው ፊልም መነሻው ይኸው ታሪክ ነው። ሽማግሌዎች ግን ከቀዬዋ እንድትርቅ ወሰኑባት። ሕግ ብቻውን አልበቃትም፤ ስለዚህ አንቺ ሕጉንም ሰዉንም ይዘሽ ተነሺ።

18 ዓመት ካልሞላሽ ጠብቂ፤ ትምህርትሽን ቀጥዪ። ከሞላሽ የሁለታችሁ ነጻ ፈቃድ ይበቃል፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 የሚለው ይህንኑ ነው። የአባት ፊርማ አይጠየቅም። በጠራራ ፀሐይ፣ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ ምስክሮቻችሁን ይዛችሁ ተጋቡ። የጋብቻ ምስክር ወረቀታችሁንም በጥንቃቄ አኑሩ።

ከዚያ በፊት ከዘመድ አንድ ተሰሚ ሰው ከጎንሽ አሰልፊ፤ አጎትሽ ወይም አክስትሽ ሊሆኑ ይችላሉ። በባሌና በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ እናቶች ሲንቄ የተባለውን በትራቸውን ይዘው በተጣሉ ሰዎች መሃል ሲቆሙ ጠቡ ይቆማል፤ ወንዱ ጥሷቸው አያልፍም። ያን ክብራቸውን ለአንቺና ለልጁ ሕይወት እንዲያውሉት ለምኛቸው። ያገሩን ባህል ለሚያውቅ ወንድም ሲንቄን ንቆ መተኮስ ይከብደዋል።

«እገድላችኋለሁ» የሚል ዛቻ ከሰማሽ ግን «ይበርድለታል» ብለሽ አትለፊው። ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳለ ጽፈሽ ከምታምኛት ሴት ጋር ፖሊስ ጣቢያ ሂጂ። ለወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤትም አመልክቺ። «ለእርቅ ነው፣ ብቻሽን ነይ» ቢሉሽ እንዳትሄጂ።

ለፖሊስና ለዐቃቤ ሕግም አንድ ቃል አለኝ። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 በወደዱት በማግባታቸው የተዛተባቸው ጥንዶች አቤት የሚሉበት ልዩ ክፍል በየአስተዳደር ወረዳው እንዲቋቋም፣ ፖሊስም እንዲጠብቃቸው አዟል። እኛም ዘንድ የዛቻ አቤቱታ ይዛ የመጣችን ልጅ «በሽማግሌ ጨርሱት» ብሎ ወደዛተባት ቤት መመለስ ይቅር። ሽማግሌ ጠብ ያብርድ፤ በሰው ነፍስ ላይ የተዛተውን ግን ሕግ ይያዘው።