ስልኬ ያዳምጠኛል?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ እየበላን ስለ አንድ ሪዞርት አወራን። ማታ ፌስቡክ የዚያኑ ሪዞርት ማስታወቂያ አመጣብኝ። ስልኬ ይሰማኛል እንዴ?

መልስ፦ የፌስቡክ ባለቤት ሜታ ለማስታወቂያ ብሎ በማይክሮፎን እንደማያዳምጥ ይናገራል። እኔም ጆሮ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። ብዙ ድረ ገጾች ውስጥ ፒክስል የሚባል የሜታ ስውር ኮድ አለ፤ የሪዞርቱን ገጽ ቀደም ብለው ከፍተው ከነበረ ጉብኝትዎን ለሜታ አሳውቆ ሊሆን ይችላል። አስተዋዋቂውም ሐዋሳ ያሉ ሰዎችን ብቻ መምረጥ ይችላል። የዓሣውን ፎቶ «አሞራ ገደል» ብለው ከለጠፉማ ራስዎ ነገሯቸው!

ሎኬሽን ማጥፋት ይረዳል፤ ግን የአይፒ አድራሻዎ አካባቢዎን በግምት ይጠቁማል። ይልቅ ፌስቡክ ሴቲንግ ውስጥ ገብተው ከሌሎች ድረ ገጾችና መተግበሪያዎች የመጣውን መረጃ ከአካውንትዎ ያላቅቁ። ጎግል ላይም የፍለጋና የሎኬሽን ታሪክዎን ያጥፉ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃዎ እንዲሰረዝ የመጠየቅ መብት ሰጥቶዎታል።