እየሠሩ ለነርሲንግ ማመልከት፦ መጀመሪያ የሥራ ሰዓት፣ ከዚያ ኮርስ፣ በመጨረሻ ፎርም

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፣ ነርስ ለመሆን የሚማር ኢትዮጵያዊ አብዛኛውን ጊዜ ትምህርቱ ብቻ ሥራው የሆነ ሰው አይደለም። ሌሊቱን ነርሲንግ ሆም ውስጥ ሲኤንኤ (ረዳት ነርስ) ሆኖ ያድራል፣ ወይም ቀኑን ፓርኪንግ ውሎ ማታ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ይገባል። ከደሞዙ የቤት ኪራይ ይከፈላል፣ ከተረፈው ሀገር ቤት ይላካል። እንዲህ ያለ ተማሪ «ለነርሲንግ ልዘጋጅ» ሲል ቶሎ የሚታሰበው ፎርም መሙላት፣ የመግቢያ ፈተና መጽሐፍ መግዛትና በአንድ ሴሚስተር የቻለውን ያህል ኮርስ መመዝገብ ነው። ይህ ቅደም ተከተል የተገለበጠ ነው። መግባትና አለመግባቱን በአብዛኛው የሚወስኑት የጥቂት ሳይንስ ኮርሶች ውጤትና አንድ የመግቢያ ፈተና ናቸው፤ እነዚህን ደግሞ የሚወስነው በሳምንት ለጥናት የሚገኘው ሰዓት ነው። ስለዚህ ዝግጅቱ የሚጀመረው ከሥራ ፕሮግራም ነው። ምዝገባው ከዚያ ይቀጥላል፤ ማመልከቻው የመጨረሻው ነገር ነው።

ከሁሉ በፊት ግን የት እንደሚያመለክቱ ይለዩ። አርኤን (የተመዘገበ ነርስ) ለመሆን ሁለት የታወቁ መንገዶች አሉ፤ አንዱ በኮሚኒቲ ኮሌጅ የሚሰጠው ኤዲኤን፣ ሌላው የአራት ዓመቱ ቢኤስኤን ነው። ከሁለቱም የሚመረቁት የሚቀመጡት ለአንድ ዓይነት የፈቃድ ፈተና፣ ለኤንክሌክስ አርኤን ነው። ብዙ ትልልቅ ሆስፒታሎች ቢኤስኤን ያለውን ይመርጣሉ፤ ቢሆንም ለሚሠራ ሰው ኤዲኤን ጨርሶ፣ የነርስ ደሞዝ እያገኘ ዲግሪውን ማሳደግ ከኪስ አንጻር የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ። በአካባቢው ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ነርሲንግን የሚያስተምረው በታኮማ ፓርክ ሲልቨር ስፕሪንግ ካምፓሱ ሲሆን፣ ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ) ደግሞ ስፕሪንግፊልድ በሚገኘው የሕክምና ትምህርት ካምፓሱ ነው። ሌላ ትምህርት ቤት ካሰቡ በስቴቱ የነርሲንግ ቦርድ የጸደቀ መሆኑን፣ ኤሲኢኤን ወይም ሲሲኤንኢ ዕውቅና የሰጡት መሆኑን፣ ተመራቂዎቹም ኤንክሌክስን በመጀመሪያ ሙከራ ምን ያህሉ እንደሚያልፉ ይመልከቱ፤ ቦርዶቹ ይህን ቁጥር ለሕዝብ ያወጣሉ። «ወረፋ የለም፣ ቶሎ ያስመርቃሉ» የሚባል ትምህርት ቤት ሲያጋጥም ይህን ማጣራት መዝለል አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 የፌዴራል መንግሥት «ኦፐሬሽን ናይቲንጌል» በተባለው ዘመቻ 25 ሰዎችን ከስሷል፤ ክሱ በፍሎሪዳ ከነበሩ ትምህርት ቤቶች ከ7,600 በላይ ሐሰተኛ የነርሲንግ ዲፕሎማዎች ተሽጠዋል የሚል ነበር። ወረቀቱን የገዙት ገንዘባቸውንም ያገኙትንም ፈቃድ የሚያሳጣ ጣጣ ውስጥ ገብተዋል።

ትምህርት ቤቱ ከተለየ በኋላ የመግቢያ መስፈርቱን ገጽ አትመው እስክሪብቶ ይዘው ያንብቡ። የትኞቹ ኮርሶች ከማመልከቻው በፊት ማለቅ እንዳለባቸው፣ ዝቅተኛው ተቀባይ ውጤት ስንት እንደሆነ፣ የሳይንስ ኮርስ ከስንት ዓመት በኋላ እንደማይቆጠር፣ አንድን ኮርስ ስንት ጊዜ መድገም እንደሚፈቀድ፣ በኦንላይን የተወሰደ ላቦራቶሪ ይቆጠር እንደሆነ ያስምሩበት ወይም ዳር ላይ ይጻፉ። ኮሌጆች በእነዚህ ነገሮች እርስ በርስ ይለያያሉ፤ አንዱ የሚቀበለውን ሌላው ይጥለዋል። ጓደኛ በሰጠው መረጃ ብቻ መመዝገብ የማይመከረው ለዚህ ነው፤ ጓደኛዎ የገባበት ዓመት መስፈርት ዘንድሮ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ያሰመሩበትን ወረቀት ይዘው የነርሲንግ ክፍሉን አማካሪ ያነጋግሩ። አጠቃላይ የኮሌጅ አማካሪው ደግ ሰው ቢሆንም የነርሲንጉን ዝርዝር ላያውቀው ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በብዙ ኮሌጆች ከሚጠየቁት ኮርሶች መካከል አናቶሚና ፊዚዮሎጂ አንድ፣ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ ሁለት እና ማይክሮባዮሎጂ እያንዳንዳቸው አራት ክሬዲት ናቸው፤ እንግሊዝኛ፣ ሳይኮሎጂና ስታቲስቲክስ ደግሞ ሦስት ሦስት። ድምሩ 21 ክሬዲት ይሆናል። አንድ ተማሪ በሦስቱ ሳይንሶች ኤ፣ በቀሪዎቹ ቢ ቢያገኝ አማካዩ 3.57 ይሆናል። ሌላው በሳይንሶቹ ሲ፣ በቀሪዎቹ ግን ኤ ቢያገኝ 2.86 ላይ ይቀራል። ሁለቱም ሦስት ሦስት ኤ አላቸው፣ ግን አንዱ ተፎካካሪ ነው፣ ሌላው ምናልባት ፎርሙ እንኳ አይታይለትም። ብዙ ፕሮግራሞች ለሳይንስ ውጤት ለብቻው ነጥብ ስለሚሰጡ ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል። ስለዚህ «ሲ ይበቃል፣ ማለፊያ ነው» የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው። ሲ ለማመልከት ይበቃል፤ ለመመረጥ ግን ብዙ ጊዜ አይበቃም።

ኤ የሚጠይቀውን ሰዓት እናስላ። በአሜሪካ የፌዴራል ደንብ አንድ ክሬዲት ማለት በሳምንት አንድ ሰዓት ያህል ክፍል ውስጥ፣ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ደግሞ ከክፍል ውጭ የሚሠራ ሥራ ነው። አሥራ ሁለት ክሬዲት የያዘ ሰው በሳምንት 36 ሰዓት ለትምህርት ያስፈልገዋል። ሁለት ሥራ ይዞ 60 ሰዓት የሚሠራ ከሆነና በቀን ሰባት ሰዓት ከተኛ፣ ከሳምንቱ 168 ሰዓት ትምህርቱም ሲቀነስ የሚቀረው 23 ብቻ ነው፤ በቀን ሦስት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ። በዚያች ውስጥ መንገድ አለ፣ ምግብ ማብሰል አለ፣ ልጅ ካለ ልጅ አለ፣ ለቅሶ መድረስና ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ አለ። ስለዚህ የሚቀነሰው እንቅልፍ ነው፣ ቀጥሎ ጥናት። ያው ሰው ሰባት ክሬዲት ብቻ ቢይዝ ለትምህርት የሚያስፈልገው 21 ሰዓት ይሆናል፤ ሥራውን ወደ 40 ካወረደው ደግሞ 58 ሰዓት ይተርፈዋል። ሰነፍና ጎበዝ በሚባሉ ተማሪዎች መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ እዚህ ስሌት ውስጥ ነው ያለው።

«እንዲህ ቀስ ካልሁ መቼ ልጨርስ ነው?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ የዕድሜም የገንዘብም ጉዳይ ነው። በሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ መረጃ እ.ኤ.አ. በሜይ 2023 የአርኤን መካከለኛ የዓመት ገቢ 86,070 ዶላር ነበር፤ የሲኤንኤ ከዚያ ግማሽ በታች ነው። አንድ ዓመት መዘግየት ውድ መሆኑ አያከራክርም። ግን የኮርሶቹን ሰንሰለት ይመልከቱ። አናቶሚ ሁለትን ለመውሰድ አናቶሚ አንድን ማለፍ ግድ ነው፤ ማይክሮባዮሎጂን ከእነዚህ አስቸጋሪ ኮርሶች ጋር መደረብ ደግሞ ለሚሠራ ሰው አይመከርም። ሦስቱ ሳይንሶች አንድ በአንድ ሦስት ሴሚስተር ይፈጃሉ። በየሴሚስተሩ ከአንድ ሳይንስ ጋር አንድ ሦስት ክሬዲት ቢጨመር ሰባት፣ ሰባት፣ ሰባት፤ በሦስት ሴሚስተር 21 ክሬዲቱ ያልቃል። ሳይንሶቹን ሳይደርብ በመጀመሪያው ሴሚስተር አራት ኮርስ የጫነው ሰውም ከዚህ ቀድሞ አይጨርስም፤ ሳይንሱ ሰንሰለት ሆኖ ይጠብቀዋል። አናቶሚ አንድን ከደገመ ግን አንድ ሴሚስተር ያጣል፣ በዚያ ምክንያት የማመልከቻ ቀን ካመለጠው ደግሞ ብዙ ፕሮግራሞች በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ ስለሚቀበሉ ዓመቱ ሊያልፍበት ይችላል። አንዳንድ ኮሌጅ ከአናቶሚ በፊት ጠቅላላ ባዮሎጂ ወይም ኬሚስትሪ ይጠይቃል፤ ያ ካለ አንድ ሴሚስተር ይጨምሩ።

ሁለተኛው መከራከሪያ ገንዘብ ነው፤ ሰዓት ከተቀነሰ ኪራዩን ማን ይከፍላል? እዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን ሳይሞክሩ ሰዓት አይቀነስም ማለት ይከብዳል። አንደኛ፣ የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻውን፣ ፋፍሳን፣ ይሙሉ። ግሪን ካርድ ያለው፣ ስደተኛነቱ ወይም ጥገኝነቱ የጸደቀለት ሰው ለፔል ግራንት ማመልከት ይችላል። ከ2024-25 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ፔል በተመዘገቡበት ክሬዲት ልክ ስለሚሰላ ሰባት ክሬዲት የያዘ ሰው የሙሉ ጊዜውን 58 በመቶ ያገኛል፤ ክፍያውም በዚያው ልክ ያንሳል። ፔል በዕድሜ ልክ ከ12 የሙሉ ጊዜ ሴሚስተር በላይ አይሰጥም፤ በተደጋጋሚ መውደቅ ይህንንም ይበላል። ሁለተኛ፣ አሠሪዎ የትምህርት ክፍያ ይረዳ እንደሆነ የሰው ኃይል ክፍሉን ይጠይቁ፤ በዓመት እስከ 5,250 ዶላር የሚደርስ እርዳታ ከታክስ ነፃ ነው። ሦስተኛ፣ ሺፍቱን ራሱን ይቀይሩ። በአንዳንድ ነርሲንግ ሆሞች ቅዳሜና እሁድ ድርብ ሺፍት ይገኛል፤ በሁለት ቀን 32 ሰዓት ተሠርቶ አምስቱ ቀን ለትምህርት ይተርፋል። ይህን የሚመርጥ ሰው ግን ሰኞ ጠዋት ላቦራቶሪ እንዳይመዘገብ፤ ድርብ ሺፍት ያደረ አእምሮ ሰኞ ጠዋት ማይክሮስኮፕ ፊት ምንም አይዝም። ሲኤንኤ ገና ካልሆኑ ደግሞ የፌዴራል ደንቡ የሚጠይቀው ትንሹ ሥልጠና 75 ሰዓት ነው፤ ስቴቶች ሊጨምሩበት ይችላሉ። ሥራውም ከበሽተኛ ጋር መዋልን ስለሚያስተምር ከፓርኪንጉ እጅግ ይሻላል።

አናቶሚን እንዴት እንደሚያጠኑ ማወቅም የዝግጅቱ አካል ነው። ጽሑፉን ደጋግሞ ማንበብ በላቦራቶሪ ፈተና ላይ አያወጣም። ፈተናው ይህን ይመስላል፦ ጠረጴዛዎች ተደርድረዋል፤ በአንዱ ላይ የጭን አጥንት አለ፣ አንዲት ጉብታ ላይ ተለጣፊ ተደርጎባታል። ተማሪው ጊዜው ሳያልቅ «ግሬተር ትሮካንተር» ብሎ በትክክለኛ ፊደል መጻፍ አለበት፤ ደወል ሲደወል ወደሚቀጥለው ያልፋል። ብዙ መምህራን የፊደል ስሕተት ነጥብ ይቀንሳሉ። በሰውነት ውስጥ 206 አጥንት አለ፤ ሞዴሉን በእጅ ሳይዙ፣ ስሙን በእጅ ሳይጽፉ ይህ አይያዝም። መምህሩ ከፈቀደ ሞዴሎቹን በስልክ ፎቶ ያንሱ፣ በሥራ እረፍት ላይ ስሙን ሸፍነው ወረቀት ላይ ይጻፉ። ሴሚስተሩ መሃል ላይ ኤ ወይም ቢ እንደማይመጣ ከታየ ደግሞ የመውጫ ቀኑ ሳያልፍ አማካሪና የፋይናንስ ቢሮ ያነጋግሩ። ከኮርስ ሲወጡ የሚመዘገበው ደብሊው አማካይ ውጤትን አይቀንስም፤ ለእርዳታ ግን እንደተሞከረ ክሬዲት ስለሚቆጠር መደጋገም የለበትም።

የመግቢያ ፈተናው በአብዛኛው ቲስ ነው፣ አንዳንዶች ሄሲን ይጠቀማሉ። ቲስ በ209 ደቂቃ 170 ጥያቄ ነው። የእንግሊዝኛው ክፍል 37 ጥያቄ በ37 ደቂቃ፣ ሳይንሱ 50 ጥያቄ በ60 ደቂቃ ይሰጣል። ለአንድ ጥያቄ አንድ ደቂቃ ያህል ማለት ነው፤ ስለዚህ ልምምዱም በሰዓት መሆን አለበት። ሳይንሱ ውስጥ የሰው አካል ሰፊ ቦታ ስለያዘ አናቶሚ ሁለት እንዳለቀ፣ ትምህርቱ ከአእምሮ ሳይጠፋ መፈተን ይሻላል።

ወረቀት ነክ ነገሮችን ከኮርሱ ጋር ጎን ለጎን ያስኪዱ። ሀገር ቤት የተማሩበት ትራንስክሪፕት እንደ ደብሊውኢኤስ ባለ ድርጅት መገምገም ካለበት ዩኒቨርሲቲው እስኪልክ ወራት ሊወስድ ስለሚችል ቀድመው ይጀምሩ። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም በሚያገለግልበት ሀገር ስም በፓስፖርት፣ በትራንስክሪፕትና በመንጃ ፈቃድ ላይ በተለያየ ፊደል ሊጻፍ ይችላል፤ አሁን ያስተካክሉት፣ ለፈቃድ ፈተናው መታወቂያና ምዝገባ መመሳሰል አለባቸው። ክትባትም ጊዜ ይፈልጋል፤ የሄፓታይተስ ቢ የተለመደው ሦስት መርፌ ስድስት ወር ይፈጃል። በሕፃንነታቸው ቢሲጂ የተከተቡ ሰዎች የቲቢ የቆዳ ምርመራቸው ያለ በሽታ ፖዘቲቭ ሊያሳይ ስለሚችል ቢሲጂ የማያሳስተውን የደም ምርመራ፣ ለምሳሌ ኳንቲፌሮንን፣ ይጠይቁ።

«ፕሮግራሙ ሲጀመር እንዴት ልሠራ ነው?» የሚለው መልስ የሚገኘውም አሁን ነው። ክሊኒካል፣ ማለትም በሆስፒታል የሚደረገው ልምምድ፣ ብዙ ጊዜ ጠዋት በማለዳ ይጀመራል፣ ቀኑም በእርስዎ ምርጫ አይሆንም። አንዳንድ ኮሌጅ የማታ ወይም የትርፍ ጊዜ ክፍል አለው፤ ከሌለ ግን በነዚህ ሦስት ሴሚስተሮች በትንሽ በትንሹ የተቀመጠ ገንዘብ ያኔ ሰዓት ለመቀነስ ያስችላል። ሀገር ቤት የሚላከውንም ከቤተሰብ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል፤ ለሁለት ዓመት ቢቀንስ የማይረዳ ወላጅ ጥቂት ነው።

ለሚመጣው ሴሚስተር ሌሊት እየሠሩ አራት ኮርስ ተመዝግበው ከሆነ፣ ክፍያው ተመላሽ የሚሆንበት ቀን ከማለፉ በፊት ሁለቱን ይጣሉ፤ አናቶሚውን አይጣሉት።