ርጥብ ድርቆሽ እሳት ያስነሣል

የእሳት አደጋ የሚነሣው ከውጭ በመጣ ፍም ብቻ አይደለም፡፡ የታጨደ ሣር በሚገባ ሳይደርቅ ቢከመር፥ ርጥበቱ ረቂቅ ተሕዋስያንን ያራባል፤ ከእነርሱም የሚመነጨው ሙቀት መውጫ አጥቶ ይበረታል፡፡ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ አደጋው ቀርቧል፡፡ ይህም በአብዛኛው በተከመረ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ይታያል፡፡

ስለዚህ ገበሬው ሣሩን እያገላበጠ ያድርቅ፤ ክምሩንም ከቤትና ከበረት ያርቅ፡፡ ረዥም ብረት ከጎኑ እስከ መካከሉ አስገብቶ፥ ጥቂት ቆይቶ ሲያወጣው እጅ የማያስነካ ትኩስ ቢሆን ክምሩን በችኮላ አይበትን፤ ነፋስ ሲያገኘው ይነዳልና፡፡ አስቀድሞ ውሃ ያዘጋጅ፤ ጎረቤቱንም ይጥራ፡፡ ውስጡ ነዶ ባዶ ሆኖ ሊደረመስ ስለሚችል ማንም በላዩ አይውጣ፡፡ የጥቂት ቀን ትዕግሥት የከብቱን የበጋ ቀለብ ያድናል፡፡